ማንም ያልለካው ሙቀት

ሬሳው ሣር ላይ ወድቋል። ፖሊስ ገመድ ወጥሮ ሰው አላስጠጋ ብሏል፤ ፎቶ አንሺው ጨርሶ ወደ ዳር ወጥቷል። የነፍሳት ባለሙያው ተራ ሲደርስ ከቦርሳው ጓንት፣ ወረንጦ፣ የአልኮል ብልቃጥና ቴርሞሜትር ይወጣሉ። ተመልካች ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው ወረንጦው ላይ ነው፤ ትሉ የሚለቀመው በእሱ ነዋ። እኔ ግን ስለ ቴርሞሜትሩ ልጽፍ ነው።

በቴርሞሜትሩ የሚለካው ብዙ ነው። አየሩ ይለካል፤ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ተብሎ፣ ፀሐይ በማያገኘው በኩል። የሬሳው ገላ ይለካል። በሬሳውና በመሬቱ መካከል ያለው ጠባብ ክፍተት ይለካል። አፈሩ ከላይ ይለካል፤ ከዚያም አምስት፣ ዐሥር፣ ሃያ ሴንቲሜትር እየተወረደ ይለካል። ትሎች ተጠቅጥቀው የሚርመሰመሱበት ክምችት ካለ የመሣሪያው ጫፍ መሐሉ ድረስ ይገባል። ሬሳው ከውኃ የወጣ ከሆነ ውኃውም ይለካል። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ሰዓቱ ይጻፋል፤ ሰማዩ መጥራቱ ወይም መዳመኑ፣ ዛፉ በስንት ሰዓት ጥላውን ሬሳው ላይ እንደሚጥል ይጻፋል።

ይህ ሁሉ ትጋት ሲታይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለበት። የተነሣው ጥያቄ ስለ ዛሬ ሙቀት ምንም አይልም። መርማሪው ማወቅ የሚፈልገው ሰውዬው መቼ እንደ ሞተ ነው፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ያለፈው ሳምንት ወይም ያለፈው ወር ሙቀት ነው። ቴርሞሜትር ደግሞ ትዝታ የለውም። ባለሙያው ላቡን እያፈሰሰ የሚለካው ሙቀት ለጥያቄው መልስ የማይሆነው ነው፤ መልስ የሚሆነውን ሙቀት ያን ጊዜ እዚያ ቆሞ የለካው ሰው የለም። የዚህ ሙያ ክብደት በሙሉ ያረፈው በእነዚህ ሁለት ሙቀቶች መካከል ባለው ክፍተት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለ ክፍተቱ የሚወራው ግን ስለ ትሎቹ ከሚወራው እጅግ ያንሳል።

ከዝንቧ እንነሣ። አረንጓዴና ሰማያዊ ሆነው የሚያብረቀርቁት ዝንቦች ሬሳ ለማግኘት ብዙ አይደክሙም። ቀን ከሆነ፣ አየሩ ሞቅ ካለ፣ መንገዱም ክፍት ከሆነ በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይደርሳሉ። እንቁላላቸውን ዓይን፣ አፍንጫ፣ አፍና ቁስል ላይ ይጥላሉ። እንቁላሉ ይፈለፈላል፤ ትሉ ሁለት ጊዜ ቆዳውን እየጣለ በሦስት ደረጃ ያድጋል፤ ጠግቦ ሲያበቃ ሬሳውን ትቶ አፈር ውስጥ ይገባና ቡናማ ቅርፊት ለብሶ ይተኛል፤ ከቅርፊቱም ዝንብ ሆኖ ይወጣል። ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም። የሚለዋወጠው ፍጥነቱ ነው፤ ፍጥነቱን የሚያዘው ሙቀት ነው። ትል እንደ እኛ የሰውነቱን ሙቀት ጠብቆ የሚይዝ ፍጡር ስላልሆነ ያለበት ቦታ ሲሞቅ ይፈጥናል፣ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል፣ ከአንድ ወለል በታች ሲወርድ ደግሞ ከናካቴው ይቆማል።

የእንጀራ ሊጥ ያቦካ ሰው ይህ አይደንቀውም። ድሬዳዋ ላይ ቶሎ ኩፍ የሚለው ሊጥ ደብረ ብርሃን ላይ ቀናት ያስጠብቃል፤ አብሲት የመጣያ ጊዜውን የምታውቅ ባለሙያ ሴት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰዓት አታይም፣ አየሩን ነው የምታየው። ትሉም በዚህ ሕግ ያድጋል፤ ለእሱ ግን ሒሳብ ተሠርቶለታል።

ሒሳቡ የዲግሪ-ቀን ሒሳብ ይባላል። ሉሲሊያ ሴሪካታ የምትባለውን አረንጓዴ ዝንብ ልውሰድ። ማርቼንኮ የተባለ የሩሲያ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ሠንጠረዥ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዚህች ዝንብ ዕድገት የሚቆምበት ወለል 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ የምትፈልገው ደግሞ 207 ዲግሪ-ቀን ነው። ትርጉሙ ቀላል ነው። የቀኑ አማካይ ሙቀት 25 ዲግሪ ከሆነ ከወለሉ በላይ ያለው 16 ነው፤ 207ን ለ16 ስናካፍል 13 ቀን ያህል ይመጣል። ሙቀቱ 15 ከሆነ ከወለሉ በላይ የሚተርፈው 6 ብቻ ነውና ያቺው ዝንብ 34 ቀን ተኩል ትፈልጋለች። እስካሁን ያስኬዳል። አሁን ወደ ብርዱ እንውረድ። በ13 ዲግሪ 52 ቀን ያህል ይሆናል፤ በ12 ዲግሪ 69 ቀን። እጃችን ላይ ያለው ቴርሞሜትር በአንዲት ዲግሪ ቢስት አሥራ ሰባት ቀን ጠፋ ማለት ነው። በእርግጥ ወደ ወለሉ ሲጠጉ ቀጥተኛው ሒሳብ ራሱ እየላላ ይሄዳል፤ ባለሙያዎችም ይህን ስለሚያውቁ በብርድ ወራት አፋቸውን ሞልተው አይናገሩም። ነገር ግን አንዲት ዲግሪ በአንድ ሰው ዕጣ ላይ ምን ያህል እንደምትከብድ ከዚህ ይታያል።

ሙቀትን እየደመሩ ዕድገትን መተመን የተጀመረው በሬሳ ላይ አልነበረም። ፈረንሳዊው ሬኦሚር በ1735 የሁለት ዓመታትን የዕለት ሙቀት እየደመረ ሰብል የሚደርስበትን ጊዜ ከድምሩ ጋር አያያዘ። ይኸው ሰው ስለ ነፍሳት ስድስት ቅጽ የጻፈ፣ በስሙ የሚጠራ የቴርሞሜትር መለኪያም ያወጣ ነበር። በቅርፊት ውስጥ የተኙ የቢራቢሮ ፑፓዎችን ቀዝቃዛ ምድር ቤት ውስጥ እያስቀመጠ ዕድሜያቸውን ሲያስረዝም፣ ሙቅ ቦታ እያኖረ ደግሞ ሲያሳጥር እንደ ነበረ ጽፏል። ሦስቱንም ክር፣ ነፍሳትን፣ ቴርሞሜትርንና የሙቀት ድምርን፣ አንድ ሰው በእጁ ይዟቸው ነበር። ከአስከሬን ምርመራ ጋር አንድ ላይ ለመገመድ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ጠይቋል።

አርስጣጣሊስ ጊዜን ከእንቅስቃሴ ጋር አቆራኝቶ፣ የፊተኛውና የኋለኛው ቁጥር አድርጎ ተርጉሞታል። እዚያው ላይ አንድ ጥያቄ አንሥቷል፦ የሚቆጥር ነፍስ ከሌለ ጊዜ ይኖራል ወይ? ትሉን እያሰብኩ ወደዚህ ጥያቄ ደጋግሜ ተመልሻለሁ። ትል አይቆጥርም። ያጠራቅማል። ትናንት ያገኘው ሙቀት ዛሬ ርዝመቱ ላይ አለ፤ የዛሬው ነገ በሚጥለው ቆዳ ላይ ይታያል። የቀዘቀዘ ሌሊት ለእኔ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ለእሱ ምንም አልሆነም፤ ጊዜ አላለፈበትም። እንግዲህ አንድ ሬሳ ላይ ሁለት ጊዜ አለ ማለት ነው፤ በሰዓት የሚሄደው የእኛ ጊዜና በሙቀት የሚሄደው የትሉ ጊዜ። ባለሙያው የሚሠራው ከአንዱ ወደ ሌላው መመንዘር ነው። የምንዛሪው ተመን ያለፈው ሙቀት ነው፤ ያ ደግሞ የለም።

ይህ ምንዛሪ መኖሩን ያላወቀ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል ቤርዠሬ አሳይቶናል። በ1850 በፈረንሳይ አርብዋ ከተማ አንድ ቤት ሲታደስ ከምድጃው ጀርባ የደረቀ የሕፃን አስከሬን ተገኘ። ሐኪሙ ቤርዠሬ እንዲመረምር ታዘዘ። አስከሬኑ ላይ የሥጋ ዝንብ ቅርፊቶችንና የብል እጮችን አገኘና እንዲህ አሰላ፦ ዝንቦቹ እንቁላል የጣሉት ሥጋው ትኩስ ሳለ በ1848 ነው፤ ብሎቹ ደግሞ ሥጋው ከደረቀ በኋላ በ1849 ነው። ስለዚህ ጥርጣሬው በ1850 ቤቱ ውስጥ ከነበሩት ላይ ተነሥቶ ቀደም ሲል ወደ ነበሩት ተከራዮች ዞረ። ነፍሳትን በዚህ መንገድ ለፍትሕ በማዋል ስሙ ይነሣል፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። ሒሳቡን ግን ተመልከቱት። ነፍሳት በጥቅሉ ከእንቁላል እስከ ክንፍ አንድ ሙሉ ዓመት ይፈጅባቸዋል ብሎ ነው የተነሣው፤ በጋ ላይ ይጣላል፣ በሚቀጥለው በጋ ይበርራል ብሎ። ጊዜውን ከካሌንደር ወሰደው። በሞቃት ወራት በሦስት ሳምንት ዑደቷን የምትጨርስን ዝንብ በዓመት መቁጠር ምን ማለት እንደሆነ ዛሬ እናውቃለን። ምድጃ ደግሞ እሳት የሚነድበት ቦታ ነው! ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ክረምቱን ስንት ዲግሪ እንደነበረ የጠየቀ አልነበረም።

መኛ የተባለው ሌላው ፈረንሳዊ በ1894 ባሳተመው መጽሐፍ ነፍሳት ሬሳ ላይ በስምንት ማዕበል እየተከታተሉ እንደሚመጡ ጻፈ፤ ረጅም ጊዜ የቆየ ሬሳን ለመተመን ያ መንገድ አሁንም ያገለግላል። ይበልጥ የምወደው ግን የስኮትላንዱ የ1935 ታሪክ ነው። መስከረም 29 ቀን ሞፋት ከተባለች ከተማ አጠገብ ካለ ሸለቆ የሁለት ሴቶች የተቆራረጠ ገላ ተገኘ። ከገላው የተለቀሙት ትሎች ለግላስጎው ዩኒቨርሲቲው ሜርንስ ተሰጡ። እሱም ዝርያቸውን ለይቶ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 14 ቀን ነው አለ። የላንካስተሩ ሐኪም በክ ራክስተን ሚስትና የቤት ሠራተኛዋ የጠፉት ከሁለት ሳምንት በፊት ነበርና ግምቱ ከሌላው ማስረጃ ጋር ገጠመ፤ ራክስተን በ1936 ተሰቀለ። ሜርንስ አንድ ቀን አልጠራም፤ የሁለት ቀን ስፋት ያለው መልስ ነው የሰጠው። ያ ስፋት ከቁጥሩ ይልቅ ያስተምረኛል።

ታዲያ ያለፈው ሙቀት ከየት ይመጣል? ከጎረቤት ይበደራል። ቅርብ የሚባል የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ ይፈለግና የዕለት መዝገቡ ይጠየቃል። ብዙ ጊዜ ጣቢያው አየር ማረፊያ አጠገብ ነው፤ ሬሳው ደግሞ ገደል ውስጥ፣ ቁጥቋጦ ሥር ወይም የመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነው። የጣቢያው ቴርሞሜትር የሚቀመጥባትን ነጭ የእንጨት ሣጥን አይታችሁ ይሆናል፤ ጎኖቿ ሁሉ እንደ መስኮት መከለያ የተሰነጣጠቁ፣ በአራት እግር ከፍ ብላ የቆመች ሣጥን ናት። የነደፋት ቶማስ ስቲቨንሰን የተባለ የስኮትላንድ የመብራት ቤት መሐንዲስ ነው፤ የዶክተር ጄኪልንና የሚስተር ሃይድን ታሪክ የጻፈው የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን አባት። ሣጥኗ የተሠራችበት ዓላማ የፀሐይን ጨረር፣ ዝናብንና ከመሬት የሚነሣውን ትኩሳት ከቴርሞሜትሩ ላይ ማራቅ ነው። የትም ቦታ ተወስዶ ከሌላው ጋር ሊነጻጸር የሚችል፣ ከአካባቢው ኮተት የጸዳ የአየር ሙቀት እንድትሰጥ ነው የተፈለገችው። ሬሳው ግን የተኛው ልክ ሣጥኗ በከለከለችው ነገር ውስጥ ነው፤ ፀሐይ ላይ፣ እርጥብ ላይ፣ አፈር ላይ። ለሁሉም ቦታ እንዲሆን ተብሎ ከቦታ የተላቀቀውን ሙቀት ወስደን ለአንድ ጉድጓድ እንሰጠዋለን።

አዲስ አበባን የሚያውቅ አንባቢ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ቦሌ አካባቢ ያለ ጣቢያና የእንጦጦ ደን በአንድ ከተማ ስም ይጠራሉ። በመካከላቸው ግን ሰባት መቶ ሜትር ያህል ከፍታ አለ፤ በሺህ ሜትር ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል እየቀነሰ እንደሚሄድ ካሰብን አራት ዲግሪ ተኩል ይለያዩባቸዋል። ቦሌ ላይ አማካዩ 17 ቢሆን ያቺው አረንጓዴ ዝንብ በ26 ቀን ክንፍ ታወጣለች፤ እንጦጦ ላይ በወረቀቱ ሒሳብ 59 ቀን ያስፈልጋታል። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ እያልን አገሩን በሙቀቱ የከፈልን ሕዝብ ሆነን ይህን ልዩነት እንደ አዲስ ነገር ማውራት አይገባንም ነበር።

ብድሩን ለማረም ባለሙያዎች አንድ ዘዴ አላቸው፤ የሙያውም ውበት እዚህ ላይ ነው። ሬሳው ከተነሣ በኋላ ሬሳው በነበረበት ቦታ ሙቀት መዝጋቢ የሆነች ትንሽ መሣሪያ ትተው ይሄዳሉ። መሣሪያዋ ለአምስት፣ ለሰባት ወይም ለዐሥር ቀን እዚያ ትቆያለች። ከዚያ የእሷ መዝገብና የጣቢያው የእነዚያው ቀናት መዝገብ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ቦታው ከጣቢያው በምን ያህል እንደሚሞቅ ወይም እንደሚቀዘቅዝ፣ ሌሊት እንዴት፣ ቀን እንዴት እንደሚሆን ዝምድናቸው ይወጣል። ይህ ዝምድና ወደ ኋላ ተስቦ ባለፉት ቀናት ላይ ይተገበራል።

ዴቪድ ሁም ነገ እንደ ትናንት እንደሚሆን የምናምንበት ማስረጃ የለንም፣ ልማድ ነው ብሎ ፈላስፎችን እንቅልፍ ነሥቷል። እዚህ ያለው ጥያቄ ተገልብጦ የመጣ የሁም ጥያቄ ነው፤ ትናንት እንደ ዛሬ ነበረ ብለን የምናምነው በምን ላይ ቆመን ነው? ዛሬ ሬሳው የለም፤ መሬቱን ይሸፍን የነበረ ገላ ተነሥቷል። ፖሊስ ሣሩን ረግጦታል፣ ቅርንጫፍም ቆርጦ ሊሆን ይችላል። ወቅቱ ተሻግሮ፣ ደመናማ የነበረው ሳምንት በጠራራ ተተክቶ ይሆናል። ቤት ውስጥ ሲሆን ይብሳል። በሩን ሰብሮ የገባ ፖሊስ አስቀድሞ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ሽታው ሲያፍነው መስኮት ይከፍታል። ማንም ሰው ያደርገዋል። ግን ያ መስኮት ሲከፈት ክፍሉ ለሳምንታት አምቆ የያዘው ሙቀት ወጥቶ ይሄዳል፤ ማሞቂያው እየሠራ ነበር ወይስ ጠፍቶ ነበር የሚለውን እንኳ አስቀድሞ ያየ ከሌለ፣ ከዚያ በኋላ የሚሰቀል መሣሪያ የሚመዘግበው ሌላ ክፍል ነው። ስለዚህ ወደ ሬሳ የተጠራ ፖሊስ አፍንጫውን ይዞ ቢሆንም መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን እንዲያነብ፣ ከዚያ መስኮቱን እንዲከፍት ቢታዘዝ የአንድ ገጽ ሥልጠና የሚበቃው ነገር ነው።

አንድ ሌላ ጉድ ደግሞ አለ። የሞተ ሰው ይቀዘቅዛል፤ በመጀመሪያው ቀን ገደማ ሐኪም የሞትን ሰዓት የሚገምትበት አንዱ መንገድም ይኸው መቀዝቀዝ ነው። ገላው ከአየሩ ጋር ከተካከለ በኋላ ያ መንገድ ዝም ይላል። ቀናት ሲያልፉ ግን ሬሳው እንደገና ይሞቃል። በሺህ የሚቆጠሩ ትሎች አንድ ላይ ተጠቅጥቀው ሲበሉ፣ ሲተራመሱና ሲፋተጉ የራሳቸውን ትኩሳት ይፈጥራሉ። ክምችታቸው ከአየሩ በዐሥር፣ በሃያ ዲግሪ በልጦ ከአርባ ዲግሪ በላይ የደረሰበት ጊዜ አለ። ትሎቹ ሲግላቸው ከመሐል ወደ ዳር ይወጣሉ፣ ሲቀዘቅዙ ተመልሰው ይገባሉ።

ይህ ሒሳቡን ምን እንደሚያደርገው አስቡት። ትሉ የሚለካው በሙቀት ነው ብለን ተነሣን፤ አሁን ሙቀቱን ራሱ ትሉ ሠራው። ጊዜውን የሚነግረን ፍጡር ጊዜውን እያፋጠነ ነው። መሐሉ ላይ የተሰካው ቴርሞሜትር 38 ቢል፣ ያ ቁጥር ለየትኞቹ ቀናት ያገለግላል? ትሎቹ ገና የተፈለፈሉ ሳሉ ጥቂትና ደቃቅ ነበሩና የአየሩ ሙቀት ነው የሚገዛቸው፤ የጎላ ትኩሳት የሚፈጥሩት በሦስተኛው ደረጃ አድገው ሲበዙ ነው። ያም ቢሆን አንዱ ትል መሐል ላይ፣ ሌላው ጠርዝ ላይ ኖሮ ይሆናል፤ የአንድ ቀን ልጆች ሆነው ሁለት ዕድሜ ይኖራቸዋል። ባለሙያው ለየትኛው ቀን የትኛውን ሙቀት እንደሚጠቀም መምረጥ አለበት። ምርጫውን መሣሪያ አይሠራለትም። ይህ ፍርድ ነው፤ ከችሎት በፊት የሚሰጥ ፍርድ።

ሬሳው ተሸፍኖ ቢሆንስ? የሃዋይው ሊ ጎፍ በአንድ ጉዳይ ላይ ትሎቹን አስልቶ ዐሥር ቀን ተኩል ያህል አገኘ። ሟቿ ግን በብርድ ልብስ በጥብቅ ተጠቅልላ ነበር። ዝንቦቹ ስንት ቀን ዘገዩ? ጎፍ የሞተ ዐሣማ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በራሱ ቤት ጓሮ አስቀመጠና ጠበቀ። ዝንቦቹ ገብተው እንቁላል ለመጣል ሁለት ቀን ተኩል ፈጀባቸው፤ ተደምሮ አሥራ ሦስት ቀን ሆነ፣ ሟቿ ለመጨረሻ ጊዜ ከታየችበት ቀን ጋርም ገጠመ። ጎረቤቶቹ ምን እንዳሉት አላውቅም! ያለፈውን ለማወቅ ያለፈውን ጓሮ ውስጥ እንደገና ከመሥራት የተሻለ ቅንነት ያለው አሠራር አይታየኝም። ትሉ የሚነግረን እንቁላሉ የተጣለበትን ጊዜ ነው። ሞቱ ከዚያ በፊት ነው፤ በስንት ጊዜ በፊት የሚለው የሌላ ማስረጃ ሥራ ነው። ጠንቃቃ ባለሙያዎች "ቢያንስ ይህን ያህል ጊዜ" የሚል ቋንቋ የሚመርጡት ለዚህ ነው።

ችሎት ግን "ቢያንስ"ን አይወድም። በካናዳ ኦንታሪዮ በሰኔ 1959 አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ጠፍታ ከሁለት ቀን በኋላ ሬሳዋ ጫካ ውስጥ ተገኘ። ስቲቨን ትራስኮት የተባለ የ14 ዓመት የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ተከሰሰና እንዲሰቀል ተፈረደበት፤ ፍርዱ በኋላ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠለት። በዚያን ጊዜ የሞቷን ሰዓት ከጨጓራዋ ይዘት ተነሥቶ በጠባብ የወሰነ ሐኪም ነበር፤ የወሰነው ሰዓት ልጁ አብሯት የታየበት ምሽት ላይ ያርፋል። በ2006 ጉዳዩ በይግባኝ እንደገና ሲታይ በ1959 በተያዙት የአስከሬን ምርመራ ማስታወሻዎች ላይ ስለ ተጻፉት ትሎች የነፍሳት ባለሙያዎች ተጠሩ። ክርክሩ ውሎ አድሮ አንዲት ሌሊት ላይ ደረሰ፤ እንቁላሎቹ የተጣሉት በጠፋችበት ምሽት ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው ወይስ በማግስቱ ቀን? ባለሙያዎቹ አልተስማሙም። ትራስኮት በነሐሴ 2007 ነፃ ተባለ። ነፃ ሲባል ስድሳ ዓመቱን አልፎ ነበር።

በሳን ዲዬጎ በ2002 በአንዲት ልጅ ግድያ ላይ በተካሄደ ሌላ ችሎት አራት የነፍሳት ባለሙያዎች ቀረቡ። ተከሳሹ ልጅቷ ከጠፋች ከጥቂት ቀናት ጀምሮ ፖሊስ ከዓይኑ ሥር አላወጣውም ነበርና፣ ዝንቦቹ የመጡት ዘግይቶ ከሆነ ሬሳውን እዚያ የጣለው እሱ ሊሆን አይችልም ነበር። በመከላከያ በኩል የቆሙት ቀኑን ወደ ኋላ አዘገዩት፣ በዐቃቤ ሕግ በኩል የቆመው ወደ ፊት አስቀደመው። ያዩት ነፍሳት በመሠረቱ አንድ ነበሩ። የጁሪ አባላቱ ሌላውን ማስረጃ ይዘው ጥፋተኛ አሉት። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ሳይንሱ ከንቱ ነው ይላል። እኔ እንዲያ አላየሁትም። ባለሙያዎቹ የተለያዩት ምን ሙቀት ይወሰድ፣ ዝንቧስ ለምን ልትዘገይ ትችል ነበር በሚለው ላይ ነው፤ ሁለቱም ማንም ቆሞ ያላያቸው ነገሮች ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ ሰዓታችን አንድ ነገር ጣል ላድርግ። እነዚህ ዝንቦች ሌሊት በአብዛኛው እንቁላል አይጥሉም። ፀሐይ ስትጠልቅ ሥራቸውን ይዘጋሉ፣ ሲነጋ ይጀምራሉ። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ ከንጋት ጀምሮ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆጥሮ ይዘጋና ሌሊቱ እንደ አዲስ ይቆጠራል፤ ለዝንብ ጉዳይ እኩለ ሌሊት ላይ ቀን ከሚቀይረው የፈረንጅ ሰዓት ይልቅ ይህ የሚስማማ ይመስለኛል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት የተገደለና ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የተገደለ ሰው በዝንቧ ዘንድ ብዙ ጊዜ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ንጋትን ይጠብቃሉ።

የሞትን ቀን ማወቅ ለፖሊስ ብቻ የሚጠቅም ይመስላል። እኛ ዘንድ ግን ከሞት በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ ከዚያ ቀን ተነሥቶ ነው የሚቆጠረው፤ ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ። ልጇ በረሃ ወይም ባሕር ላይ የቀረባት እናት መርዶው ከተነገረበት ቀን ጀምራ ለመቁጠር ትገደዳለች። ቆጠራዋ ትክክል እንዳልሆነ እሷም ታውቃለች፤ ሙት ዓመቱን ስታወጣ ልጇ ከሞተ ምናልባት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ይሆናል። ለእንዲህ ያለች ሴት "ቢያንስ ከዚህ ቀን በፊት" የሚል መልስ ብዙ ነው። ለዐቃቤ ሕግ ያነሰው ስፋት ለእሷ በቂ ነው፤ ሁለቱ ግን የሚጠይቁት ያንኑ ቴርሞሜትር ነው።

ዳኛ ብሆን ባለሙያውን አስቀድሜ ቀኑን አልጠይቀውም። ሙቀቱን ከየትኛው ጣቢያ እንዳመጣ፣ ጣቢያው ከሬሳው በስንት ኪሎ ሜትርና በስንት ሜትር ከፍታ እንደሚለይ እጠይቀዋለሁ። መዝጋቢ መሣሪያ ቦታው ላይ ትቶ እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደቆየች፣ በእነዚያ ቀናት ሰማዩ ካለፉት ቀናት ሰማይ ጋር ይመሳሰል እንደነበረ እጠይቃለሁ። መስኮቱን ማን እንደከፈተው እጠይቃለሁ። ትሎቹ ከተለቀሙ በኋላ በሙቅ ውኃ እስኪገደሉ ድረስ በፖሊስ መኪና ውስጥ ስንት ሰዓት እንደቆዩ፣ ሬሳው ማቀዝቀዣ ገብቶ ከሆነም ትሎቹ አብረውት ስንት ሰዓት እንደቀዘቀዙ እጠይቃለሁ፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ የገባ ትልቅ ክምችት ራሱን እያሞቀ መብላቱን እንደማያቆም አውቃለሁና። ከዚያ በኋላ ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ደግሞ እንዲሠራልኝ አዝዘዋለሁ፤ አንዴ ሁለት ዲግሪ ጨምሮ፣ አንዴ ሁለት ዲግሪ ቀንሶ። ሁለት ቀኖች ይወጣሉ። ተከሳሹ ሌላ ቦታ እንደነበረ የተረጋገጠለት ቀን ከሁለቱም ውጭ ከሆነ ምስክርነቱን ይዤ እቀጥላለሁ። በሁለቱ መካከል ከዋለ ግን ዝንቧ የምታውቀውን ተናግራ ጨርሳለች፤ ዐቃቤ ሕጉ ሌላ ምስክር ይፈልግ።